ከአንድ ድስት እስከ አራት መቶ ሳህን፦ በጎንደር የምግብ በጎ አድራጎት እንዴት ያድጋል?

ጎንደር ውስጥ የተራበን ማብላት አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ሲለቅም፣ ሰንበቴው ሲደገስ፣ በረመዳን የፍጥራ ሳህን ከቤት ቤት ሲዞር የኖረበት ከተማ ነው። አሁን የሚወራው ሌላ ነው። ጥቂት ሰዎች ይሰባሰቡና ዓውደ ዓመት ሳይጠብቁ በየቀኑ ምሳ ማብላት ይጀምራሉ። መጀመሪያ ሃያ ሰው ይመጣል። ሳይቆይ ሃያው አርባ ይሆናል። ጥቂት ወር ሲያልፍ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ መንገዱን ይይዛል።

ያኔ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንድ ምክር አለው፦ «ድስት ጨምሩ!»

ድስት መጨመርማ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ከድስቱ በስተጀርባ ያለው ነው። እሱን እንየው።

ለምን አሁን?

አንደኛ፣ የችግረኛው ቁጥር ጨምሯል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ከተማ ገብቷል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጦርነት ሲነሳም በመተማ በኩል ብዙዎች ተሻግረዋል። ከቀየው ያልተፈናቀለውም ቢሆን ኑሮ ውድነቱ አንገዳግዶታል። የጥበቃ ደሞዝ ወይም ጡረታ ይዞ ወሩን መዝለቅ ያቃተው ሰው ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ ትልቁ እርዳታ አስተማማኝነቱ ቀርቷል። በሰኔ 2015 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለታለመለት ሰው አልደረሰም ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ለወራት አቋረጡ። በጥር 2017 ዓ.ም ደግሞ አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። ዩኤስኤአይዲ ራሱ በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ተዘጋ። ከላይ ሲቋረጥ ዓይን ሁሉ ወደ ሰፈሩ ድስት ይዞራል። የሰፈር ድስት ያንን ሁሉ ይተካል ማለት ግን ዘበት ነው። መጠኑ አይገናኝም።

«የምግብ በጎ አድራጎት» ስንል የትኛውን ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ሥራዎች አሉ። ምገባ ማለት አብስሎ እዚያው ማብላት ነው። ማዕድ ማጋራት፣ በተለይ በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ የተለመደው፣ ዱቄት፣ ዘይትና ሽሮ ቋጥሮ ለቤተሰብ መስጠት ነው። የምግብ ባንክ ደግሞ ራሱ አያበስልም። ከነጋዴ፣ ከፋብሪካና ከገበሬ ይሰበስባል፣ ያከማቻል፣ ለሚያበሉት ያከፋፍላል።

አብዛኛው ቡድን በምገባ ይጀምራል። ሲጠነክር ማዕድ ማጋራትን ይጨምራል። የምግብ ባንክ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ መጋዘንና መኪና ይፈልጋላ።

የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ብዙም አይጠቅምም። ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ነው። ምድጃ ላለው ቤተሰብ ደረቁ ይሻለዋል፤ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ቤት ይበላል። ጎዳና ላይ ለሚያድረው ልጅ ግን አምስት ኪሎ ዱቄት ብትሰጡት ይሸጠዋል። አይፈረድበትም፣ በምን ያብስለው? ከገጠር ታማሚ ይዞ መጥቶ ሆስፒታል በር ላይ ሳምንት የሚያድር አስታማሚም እንደዚያው ነው። ለታማሚው ሆስፒታሉ አለለት። ለአስታማሚው ማንም አላሰበም።

ለአራት መቶ ሰው መደገስ እኮ እናውቅበታለን፤ ምኑ ይከብዳል?

እውነት ነው፣ ድግስ እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል። ዕድሩ ድስትና ወንበር ያወጣል። ጎረቤት ሽንኩርት ሲከትፍ ያነጋል። አራት መቶ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል።

ምገባ ግን ሠርግ አይደለም፣ ጓዳ ነው። ሠርግ ላይ ወጥ ቢያንስ ደጋሹ ይታማል እንጂ የሚራብ የለም። ጓዳ ባዶ ከሆነ ግን ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ። ሠርግ በብድርም ይወጣል። በብድር ጓዳ ሦስት ወር ሙሉ ማን ያቆማል? ለሠርግ የመጣች ጎረቤት አንድ ቀን ሥራዋን ትታ ትውላለች። በየቀኑ ኑ ቢሏት ግን የራሷ ቤት አለባት።

ስለዚህ አንድ ምገባ ቤት አድጓል አላደገም የሚባለው በሳህን ብዛት ብቻ አይደለም። ዋናው «ነገም ኑ» ብሎ ቃል መግባት መቻሉ ነው። በእኔ ግምት መቶ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚያበላ፣ አራት መቶ ሰው ለሁለት ወር አብልቶ ከሚዘጋ ይበልጣል። ምሳውን ተማምና የምግቡን ብር ለቤት ኪራይ ያዋለች እናት አለች። ድስቱ ድንገት ሲቆም ከበፊቱ ይብሳል እንጂ ወደ በፊቱ አትመለስም።

መቶ ሰው ስንት ይበላል?

ራሽን ማለት ለአንድ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የሚሰፈር ድርሻ ነው። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ይህም በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በቀን ከሚታቀደው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ጋር ይቀራረባል።

አሁን እናባዛ። መቶ ሰው በወር 15 ኩንታል እህል፣ አንድ ኩንታል ተኩል ጥራጥሬና 45 ሊትር ዘይት ይፈልጋል። አራት መቶ ሰው ሲሆን እህሉ ብቻ በወር 60 ኩንታል፣ በዓመት 720 ኩንታል ነው። ምሳ ብቻ ነው የምናበላው ብላችሁ ግማሹን ብትይዙ 360 ኩንታል። ሽንኩርቱ፣ ጨውና በርበሬው፣ ማገዶው ገና አልገባም። ሰው «ድስት ጨምሩ» ሲል ይህን እየጠየቀ መሆኑን አያስበውም።

እንጀራው ለምን የሦስት ቀን ጣጣ ሆነ?

ወጥ ጠዋት አስባችሁ ለምሳ ታደርሳላችሁ። እንጀራ እንዲያ አይደለም። ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። የጎንደር ክረምት ሲበርድ ደግሞ ሊጡ ያኮርፋል፤ ይዘገያል። ስለዚህ ሰኞ የምታቦካው ሴትዮ ሐሙስ ስንት ሰው እንደሚመጣ ዛሬውኑ ማወቅ አለባት። አብዝታ ብታቦካ ይሻግታል። ብታሳንስ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ባዶውን ይመለሳል።

ለተመጋቢዎች ካርድ የሚታደለው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው «ለተራበ ሰው ደግሞ ምን ካርድ ያስፈልገዋል?» ብሎ ይቆጣል። ካርዱ ግን ሰው ለመከልከል ብቻ አይደለም የወጣው፤ ሊጡን ለመለካት ነው። ያለ ካርድ ለሚመጣው ደግሞ ብልህ ወጥ ቤት ንፍሮ ወይም ዳቦ አያጣም። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ድርቆሽ ይሆናል፣ በሌላ ቀን ለፍርፍር ይወጣል።

ቁጥሩ ሲጨምር ደግሞ መብራቱ ይመጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ሁለት ምጣድ በጥንቃቄ ከያዙት ይሠራል። አሥር ምጣድ ግን 40 ኪሎ ዋት ሊደርስ ነው፤ ይህ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ አቅም አይደለም። ሦስት ፌዝ መስመር ማስገባት፣ ያውም መጠበቅ ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቦካ ሊጥ ነገ ና አይባልም። የማገዶ ምድጃ በመጠባበቂያ መቀመጥ አለበት።

ውሃውም እንዲሁ። በጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለጎንደር ሰው አልነግርም። ሁለት ሮቶ የሌለው ምገባ ቤት ለሁለት መቶ ሰው ቃል ባይገባ ይሻለዋል። ማብሰያ ብቻ አይደለም፤ ሳህኑ በምን ሊታጠብ ነው?

አንዳንዶች እዚህ ላይ ጥሩ መላ ያመጣሉ። እንጀራውን ራሳቸው አይጋግሩም። በሰፈሩ ካሉ ጋግረው ከሚሸጡ ሴቶች በውል ይገዛሉ። ለእያንዳንዷ በቀን ሃያ ወይም ሠላሳ እንጀራ ይደርሳታል፣ በቤቷ ምጣድ ትወጣዋለች፣ ብር ታገኛለች። ከእነሱ መካከል አምና ሰልፍ ላይ የነበረች ልትኖርም ትችላለች። ጤፉ ሲወደድ በፎገራ ሩዝ ወይም በማሽላ ተደባልቆ ዋጋውን ይቀንሳሉ። ማንም አያማርርም፤ በየቤታችንም የምንበላው እሱን ነው።

ጥራጥሬው ምን ችግር አለው?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ የሚያደክሙት አንዱ ለዚህ ነው፤ ማገዶ ይበላሉ። ማታ መዘፍዘፍ ለቤት ልማድ ሊመስል ይችላል፤ ለአራት መቶ ሰው ሲሆን ግን በወር የሚቆጠር ብር ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ጓያ ነው። ደምቢያና አካባቢው ጓያ አብቃይ ነው። ዝናብ ሲያጥርም ይችላል፣ ርካሽ ነው፣ በሽሮ ውስጥ ተደባልቆ ሲመጣ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። በቁንጥር አልፎ አልፎ ቢበላ አይጎዳም። ለወራት ዋናው ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፣ ሲያሽመደምድም ለዕድሜ ልክ ነው። በአካባቢው «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ይኸው ነው። አሁን አስቡት። በየቀኑ ሽሮ የሚያበላ ቤት ርካሽ ብሎ ጓያ የበዛበት ሽሮ ቢገዛ፣ ሌላ ምግብ የማያገኙትን ሰዎች ለዓመት እሱኑ እያበላ ነው። ስለዚህ የሚያስተውሉ ቤቶች የተፈጨ ሽሮ በርካሽ አይገዙም። ሽምብራውን፣ ባቄላውን ወይም አተሩን በጥሬው ይገዛሉ፣ ያስለቅማሉ፣ ራሳቸው ያስፈጫሉ።

ሥጋስ ለምን አይሠራም ለሚለው፣ ዋጋው አንድ ነገር ነው። ግን ሌላም አለ። ሥጋ ሲመጣ የክርስቲያን እርድ፣ የሙስሊም እርድ የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ይሆናል። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሽሮና ምስር ግን ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል። እንቁላልና ወተት ለሕፃናቱ ለብቻ ይታሰባል።

በበዓል ተትረፍርፎ በነሐሴ ለምን ይጠፋል?

የነገሩ እምብርት ይህ ይመስለኛል። ለጋስነታችን ቀን አለው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ረመዳን፣ ኢድ። በእነዚህ ሰሞን ምገባ ቤቱ በር ላይ ዳቦ የጫነ ባጃጅ ይሰለፋል። አንድ ቀን ሦስት በግ ይመጣል፣ ማረጃ ቦታ ይጠፋል። ዘካተል ፊጥር፣ ማለትም የረመዳን ማብቂያ ምጽዋት፣ የሚያወጣው እህሉን ይዞ ይመጣል። የስለት የሚያመጣም አለ።

ረሃብም ቀን አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የአምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ማሳ ላይ ነው፣ ገበያው ይንራል። ዝናቡ ግንባታውን ስለሚያቆም የቀን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንግዳም በክረምት አይመጣም፤ በቱሪስት የሚኖረው አስጎብኚና አስተናጋጅ ኪሱ ይደርቃል። ሰልፉ የሚረዝመው በዚያ ሰሞን ነው፤ የባጃጁ ሰልፍ የሚጠፋውም በዚያው ሰሞን ነው።

አደገ የሚባለው ቤት እነዚህን ሁለት ወቅቶች ማገናኘት የቻለው ነው። እንዴት?

ዋናው በወቅቱ መግዛት ነው። እህል የሚረክሰው ከመኸር በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በጥር ከቅዳሜ ገበያ ወይም ከገበሬ ማኅበራት በቀጥታ የገዛ፣ በሐምሌ አይለምንም። መንገድ ሲዘጋና ጭነት ሲቀር ደግሞ ያለው ክምችት ብቻ ነው የሚያድነው። ግን በጥር መግዛት ሁለት ነገር ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ብዙ ብርና ደህና መጋዘን።

መጋዘን ሲባል ትልቅ ቤት ብቻ አይደለም። ጆንያው መሬት ከነካ እርጥበት ይስባል፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይነጠፋል፣ ከግድግዳም ይራቃል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፤ አለበለዚያ ከሥር ያለው ጆንያ ለነቀዝ ቀለብ ይሆናል። ለነቀዝ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት አለ። አየር ስለማያስገባ ተባዩ ታፍኖ ይሞታል፣ መድኃኒት አይፈልግም። የነቀዝ ክኒኑን ግን ሰው የሚያድርበት ወይም ምግብ የሚበስልበት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ጭሱ ሰው ይገድላል።

ሌላው የቀን ሽፋን ነው። አንድ ቤተሰብ ልደት፣ ሙት ዓመት ወይም ምርቃት ሲኖረው የዚያን ቀን ምሳ ወጪ ይችላል። ብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ የዓመቱን ቀናት የያዘ ሰሌዳ ይሰቅላሉ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ነሐሴ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጎበዝ አስተባባሪ «ጥር 12 ተይዟል፤ ብሩን ለነሐሴ ብናሻግረውስ?» ማለት አያፍርም። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል፤ የጠየቀው ስለሌለ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ግን የማይቋረጥ መዋጮ ነው። ሦስት መቶ ሰው በወር 200 ብር በቴሌብር ቢልክ 60,000 ብር ይሆናል። አንድ ባለሀብት አንድ ጊዜ ግማሽ ሚሊዮን ቢሰጥ የሰፈሩ ወሬ ይሆናል፣ ፎቶ ይነሳል። የሂሳብ ሠራተኛው ግን 60,000ውን ይመርጣል፤ በእሱ ማቀድ ይቻላል።

ዲያስፖራውም ትልቅ ድርሻ አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ተሻገረ። የተላከው ዶላር በብር ሲቆጠር በዛ። ዘይቱ ግን ከውጭ የሚመጣ ነውና እሱም አብሮ ወጣ።

ማን ይብላ የሚለውን ማን ይወስናል?

ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። የበሰለ ምግብ ራሱ ሰው ይመርጣል፤ የደላው ሰው ለአንድ ሳህን ሽሮ አይሰለፍም። ደረቅ ራሽን ግን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ስለዚህ ስም ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ ሦስት ምንጭ አለው። ቀበሌው፣ በተለይ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መክፈል አይችሉም ተብለው መንግሥት የሚከፍልላቸውን ያውቃል። ዕድሩ የጎረቤቱን ጓዳ ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ ቤት ለቤት ትገባለች።

ሦስቱም የሚያመልጣቸው ሰው አለ። ተፈናቃዩ የዚህ ቀበሌ መታወቂያ የለውም። በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ ዕድር አልገባም። ሌላው ደግሞ ይሉኝታ የያዘው ነው። ትናንት ራሷ ሰንበቴ ታበላ የነበረች፣ ዛሬ ጡረታዋ ያነሳት እናት ሰልፍ ላይ ከምትታይ ቤቷን ዘግታ መተኛት ትመርጣለች። ለእንዲህ ዓይነቷ በምሳ ዕቃ ቋጥሮ በልጅ መላክ ነው የሚያዋጣው። ካሜራ ደቅኖ «አመሰግናለሁ በሉ» ማሰኘትማ ስንቱን ከበር እንደሚመልስ ቤቱ ይቁጠረው።

ሕፃናት ላይ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ በመለኪያ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሳህን ሽሮ አይበቃውም። ሕክምና ነው የሚያስፈልገው፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።

ወረቀቱስ፣ ሕጋዊ መሆን የግድ ነው?

ሃያ ሰው ስታበሉ ማንም አይጠይቃችሁም። ከሕዝብ ብር መሰብሰብ ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል። የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ ዕድር በራሱ መንገድ ይሄዳል። ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ለመሰብሰብ ግን አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሆነው ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። ቋሚ ሥራ የሚፈልግ ማኅበር ወይም በቦርድ የሚመራ ድርጅት ሆኖ ይመዘገባል። ከአንድ ክልል በላይ ወይም አዲስ አበባ ውስጥም የሚሠራ ከሆነ ወደ ፌዴራሉ ባለሥልጣን ይሄዳል። በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራ ጉዳዩ ከክልሉ ጋር ነው።

ዋናው ጥቅም በድርጅቱ ስም የባንክ ሂሳብ መክፈት ነው። በአንድ ደግ ሰው ስም የተከፈተ ሂሳብ ሰውየው ቢታመም፣ ቢሰደድ ወይም ወሬ ቢነሳበት ድስቱን ይዞ ይወድቃል። ሁለት ሦስት ፊርማ ያለው ሂሳብ ግን ሰው ቢቀየርም ይቀጥላል። የዕቃውም እንደዚሁ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ያውቃቸዋል፤ አንዱ ዕቃ ሲገባ፣ ሌላው ሲወጣ የሚቆረጥ ነው። ዘይትና ስኳር ካለበት ቤት እንዲህ ዓይነት ደረሰኝ ከጠፋ፣ ጥርጣሬ ከነቀዝ ቀድሞ ይገባል።

ደሞዝ ለምን ይከፈላል የሚለው ቅሬታም አለ። በጎ ፈቃደኛ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ያሳልፋል፣ ሳህን ያጥባል። ዋና ወጥ ሠሪዋ፣ ንብረት ክፍሉና ሂሳብ ሠራተኛው ግን በየቀኑ መገኘት አለባቸው፣ ስለዚህ ይከፈላቸዋል። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የወጥ ሠሪዋ ደሞዝ ግን ምግቡን ከማብላት ጋር የተያያዘ የሥራ ወጪ ነው፤ የአስተዳደር አይደለም።

ታዲያ መርዳት ብፈልግ እህል ልስጥ ወይስ ብር?

ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ጥር ላይ ብር ይሻላል፤ እህል ይገዛበታል። ክረምት ላይ ዘይት፣ ሽምብራ፣ ማገዶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ የሚጎድለው እህሉ አይደለም፤ ሮቶ ነው፣ ወይም የተሰበረ ምጣድ። በጎ ፈቃድ ለመስጠት ያሰባችሁም ከእሑድ ይልቅ ማክሰኞን ሞክሩ። እሑድ ሰው ይበዛል፣ ማክሰኞ ሳህን አጣቢ ይጠፋል።

የድግስ ትራፊ ለመስጠት ያሰበ ደግሞ ድግሱ ሳያልቅ ይደውል። የበሰለ ምግብ ትኩስነቱ ከ60 ዲግሪ ሳይወርድ መቆየት አለበት፤ ከቀዘቀዘ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መበላት አለበት። እንጀራ፣ ዳቦና ምስር ወጥ ከሆነ በደስታ ይቀበሏችኋል። ሥጋ ከሆነ የማን እርድ እንደሆነ አብራችሁ ንገሩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በትልቅ ድስት የሚመጣ ቀይ ወጥ ግን ተቀባይ የለውም። ሴቶቹ ድስታቸውን አጥበው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደየቤታቸው ገብተዋል፣ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ደግሞ አንድ ሰው ነው።